ክርን አይዋሽም

ስለ ኮሌጅ፣ ኮሌጅ ያልገባ ሰው ያህል የሚያውቅ የለም። የገባውማ የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከመኝታ ክፍሉ እስከ ምግብ አዳራሹ ያለውን መንገድ። ያልገባው ግን ሁሉንም ያውቃል። በየሰፈሩ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ልጃችሁ አሥራ ሰባት ዓመት የሞላው ሳምንት ሳትጠሩት ከች ይላል። «ተቀመጥ» ስትሉት «ኧረ እቸኩላለሁ» ይልና ቆሞ ሁለት ሰዓት ያወራል። ሲወጣ ልጃችሁ ከአራት ኮሌጅ ታግዷል፣ ሁለት ተፈቅዶለታል፣ እናንተን ደግሞ ራሳችሁን ያማችኋል።

የእኛ ሰፈር ሰው ልብስ ሰፊ ናቸው። እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም። ድሮ አንዱ የሰፈር ልጅ፣ የኮሌጅ ዲን እንኳ እንደሳቸው ተማሪ አይመድብም ብሎ «ጋሽ ዲን» አላቸው፤ በዚያው ጸና። ሱቃቸው በር ላይ «ልብስ ስፌት» የሚል ሰሌዳ አለ። አንድ ቀን አንድ ተንኮለኛ ከሥሩ በጠመኔ «እና ምክር» ብሎ ጻፈበት። ጋሽ ዲን አላጠፉትም። በማግስቱ በቀለም ደገሙት።

ክቡርነታቸው የኮሌጅ ግቢ ረግጠው አያውቁም። ይህች ትንሽ ነገር ሥራቸውን አላደናቀፈችባቸውም። የትኛው ኮሌጅ ሾርባው እንደሚቀጥን፣ የትኛው መኝታ ቤት መስኮቱ እንደማይዘጋ፣ የትኛው የፊዚክስ መምህር ፈተና ሲያርም እንደሚያፏጭ ጠንቅቀው ያውቃሉ። ከየት አመጡት ብትሉ፣ ከሱሪና ከሸሚዝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለእረፍት የመጣ ተማሪ ሁሉ ያለቀ ልብሱን ለማስጠገን ወደ እሳቸው ይሄዳል። ጋሽ ዲን ልብሱን ወደ ብርሃን አዙረው ያያሉ። ሸሚዙ ክርኑ ላይ ሳስቶ ከመጣ ያ ኮሌጅ ያስጠናል ማለት ነው፤ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ከርሟል። ሱሪው መቀመጫው ላይ ካለቀ ግን ግቢው ውስጥ ምቹ የድንጋይ አጥር አለ፣ ልጆቹም የሚመረቁት እሱ ላይ እንደተቀመጡ ነው። «ሰርተፊኬት ይዋሻል፣ አባት ይዋሻል፣ ክርን አይዋሽም» ይላሉ አፋቸውን ሞልተው። በዚህ ሳይንስ ኮሌጆቹን ሁሉ ከአንደኛ እስከ አሥራ ሰባተኛ በደረጃ አስቀምጠዋል። ደረጃው በየእረፍቱ ይታደሳል።

ሳይንስ ነውና አንዳንዴ ይስታል። የፋርማሲስቱ ልጅ አንድ ጊዜ ሁለቱም ክርኑ ተቀዶ መጣ። ጋሽ ዲን ኮሌጁን ከዘጠነኛ ወደ ሁለተኛ አሳደጉት፤ አልበቃቸው ብሎ ፋርማሲው ድረስ ሄደው፣ መድኃኒት የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አባትየውን «እንኳን ደስ ያለህ» አሉት። በዓመቱ ልጁ ተባሮ መጣ። ለካስ ክርኑ ያለቀው ካርታ ጨዋታ ላይ ነው። ጋሽ ዲን ቅንጣት አላፈሩም። «እሱም ቢሆን ትኩረት ይጠይቃል» አሉ።

ከዚህ የባሰው የዳቦ ቤቷ እመቤት መንትዮች ነገር ነው። አንዱ ሕግ ለመማር ይሞታል፣ ሌላው የሚፈልገውን አያውቅም። እናትየው ተጨንቃ «እባክዎ ይዩልኝ» ብላ ሁለቱንም ላከቻቸው። አንደኛው ኳስ ሜዳ ቀረና ወንድሙ ሁለት ጊዜ ገባ፤ አንዴ ኮፍያ አድርጎ፣ አንዴ ሳያደርግ። ጋሽ ዲን አንዱን ልጅ ሁለት ጊዜ ሱሪ ለክተው፣ ባለኮፍያውን ሕግ፣ ኮፍያ የሌለውን ነርስነት መደቡት። ቤት ሲደርሱ የትኛው የትኛው እንደሆነ ተምታታ፤ ደም ሲያይ የሚወድቀው ልጅ ነርስነት ገባ። ጉዱ ሲሰማ ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ዲን ሱቅ በር ላይ ተሰበሰበ። «ታዲያ ልኬ የቱ ላይ ተሳሳተ? ሁለቱም ሱሪ ልክክ ብሏል አይደለም እንዴ?» አሉ። የሚገርመው፣ ያ ልጅ ዛሬ በክሊኒካችን እሱን የሚያህል ነርስ የለም። መርፌ ሲወጋ አያምም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚወጋው የሚሉ አሉ።

ምክራቸው ሁሌም የሚጀምረው በ«እኔ ምን አገባኝ» ነው። ከዚያ ትንፋሽ ይወስዱና «ግን...» ይላሉ። ያቺ «ግን» ከመጣች በኋላ የሚያድን የለም። አንድ ጊዜ ጥርሳቸውን ሊነቀሉ ሄደው፣ አፋቸው ጥጥ እንደሞላ፣ ሐኪሟን የት እንደተማረች ጠየቋት። ነገረቻቸው። ጥጡን አወጡና «እኔ ምን አገባኝ፣ ግን እኔ ብሆን ሰባተኛ ላይ ያለ ኮሌጅ አልልክሽም ነበር» አሏት። ማደንዘዣው ሳይሠራ ነው የነቀለቻቸው ይባላል። እሳቸው ይክዳሉ።

ሌላው አመላቸው ትርፍ ጨርቅ ነው። የሦስት ትምህርት ቤቶችን ዩኒፎርም የሚሰፉት እሳቸው ስለሆኑ፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ በየዓመቱ ፊታቸው ቆሞ ይለካል። ለሁሉም እጅጌውና የሱሪው ጫፍ አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎ ይሰፋል። «ለእድገት ነው» ይላሉ። እኔ ቁመቴ የቆመው በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። ዛሬ አርባ ስምንት ሞልቶኛል፤ የሱሪዬ ጫፍ አሁንም አራት ጣት ትርፍ አለው። «ጋሼ፣ ከእንግዲህ እኮ የማድገው ወደ ጎን ነው» ብላቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ማን ያውቃል» አሉኝ። እያሾፉ አልነበረም።

እኔንም የመደቡኝ እሳቸው ናቸው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ ክርኔን አይተው፣ ጸጥ ማለቴን አይተው፣ «ይሄ ልጅ ከቁጥር ጋር ነው» ብለው ለአባቴ ነገሩት። አባቴ ሜትር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሰው የሚሳሳት አይመስለውም ነበር፤ ስታቲስቲክስ ገባሁ። ከቁጥር ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ኖርን። ዛሬ የምተዳደረው ጋዜጣ ላይ እየጻፍኩ ነው። ይህን ባነሳሁባቸው ቁጥር «ቁጥር ባትማር ኖሮ ስንት ቃል እንደጻፍክ በምን ታውቅ ነበር?» ይሉኛል።

እንግዲህ አንዲት ልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላት ለራሴ የማልኩት በዚህ ምክንያት ነው። በዚህች ልጅ ነገር ጋሽ ዲን እጃቸውን አያስገቡም።

የምርጫ ቅጹ የመጣው ሰኞ ነው፤ ዓርብ ለትምህርት ቤቱ መመለስ ነበረበት። አንደኛ ምርጫ ተብሎ የተጻፈው ኮሌጅ፣ ውጤት ካላነሰ፣ ይደርሳል። የልጄ ውጤት ደግሞ አያንስም። ስለዚህ አራት ዓመት የት እንደምትኖር የምትወስነው ያቺ አንድ መስመር ናት። እኔ መስመሯ ላይ የሚጻፈውን አውቄ ጨርሻለሁ። ከቤታችን በእግር አሥራ ሁለት ደቂቃ የሚርቅ ኮሌጅ አለ። አሥራ ሁለት መሆኑን የማውቀው ሁለት ጊዜ ሄጄ ስላየሁት ነው፤ አንዴ በዝናብ። ምሳዋን ቤቷ ትበላለች፣ ማታ አልጋዋ ላይ ትተኛለች። ምን ይጎድላል? በጋሽ ዲን ደረጃ አሥራ አራተኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ የአጥሩ ድንጋይ በጣም ይመቻል አሉ።

ልጄ ከዓመት በፊት ሌላ ኮሌጅ አንስታ ነበር። አውቶብስ ቀኑን ሙሉ የሚሄድበት፣ ተራራ ላይ ያለ ብርዳም ከተማ ነው። እዚያ የአየር ጠባይ ጥናት ያስተምራሉ። ጣሪያው ላይ ነፋስ የሚለካ መሣሪያ እንዳለ በፎቶ አሳየችኝ። «ዝናብ መምጣቱን ለማወቅማ መስኮት ይበቃል» አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አላነሳችውም፤ እኔም የተረሳ መሰለኝ።

ሰኞ ዕለት ስለ አሥራ ሁለቱ ደቂቃ ስነግራት «እሺ አባዬ» አለች። ስለ ምሳውም «እሺ አባዬ» አለች። ይህች ልጅ ጨው አቀብዪኝ ስላት እንኳ «ለምን? ቅመሰው መጀመሪያ» የምትል ናት። መጠርጠር ነበረብኝ። ደስ ስላለኝ አልጠረጠርኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ዲን ዘንድ ሄጄ ቁርጡን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ የልጄን ኮሌጅ እኛው መርጠናል። እባክዎ በዚህች እንኳ ዝም ይበሉን።»

ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «እኔ ምን አገባኝ» አሉ።

ጠበቅኩ። «ግን» አልመጣችም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ያቺን «ግን» ስሰማ የኖርኩ ሰው፣ መቅረቷን እንደ ድል ቆጥሬ እያፏጨሁ ወጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት አዲስ ሱሪ ልለካ ተመልሼ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናው፣ ከጥግ አንድ ጠርዙ የተሰነጠቀ ትልቅ መስታወት። ጋሽ ዲን ካውያቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። ከመስታወቱ አጠገብ አንድ ካፖርት ተሰቅሏል። በእኛ ከተማ ሙቀት ሹራብ የለበሰ ሰው ካየን አሞት ነው ብለን መንገድ እንለቅለታለን። ይህ ደግሞ ወፍራም፣ ግራጫ፣ ኮሌታው እስከ ጆሮ የሚደርስ ካፖርት ነው።

«ይሄ ደግሞ የየትኛው እብድ ነው?» አልኩና ገለጥ አደረግኩት።

ገበሩ ሰማያዊ ነው፣ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለበት። አወቅኩት። አሥር ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ዓይኔን ስገልጥ የማየው የመኝታ ቤታችን መጋረጃ ነው። ባለቤቴ ባለፈው ወር «አርጅቷል፣ አንስቼዋለሁ» ብላኝ ነበር። ኮሌታው ላይ በእስፒል የተያዘች ብጣሽ ወረቀት አለች። «የጋዜጠኛው ልጅ» ትላለች።

ልጄ፣ ሚስቴ፣ ልብስ ሰፊዬ፣ መጋረጃዬ ሳይቀር አድመውብኛል።

«ጋሼ! ዝም ይበሉ ብዬ ለምኜዎት?»

«ዝም አልኩ እኮ። አንድ ቃል ተናገርኩ?»

«ካፖርት ሰፍተው?»

«ካፖርት አይናገርም» አሉና ሱሪዬን ዘርግተው አቀበሉኝ። «ይልቅ ልበስና ቁም፣ ጫፉን ልያዝልህ።»

ሰው በግማሽ ልብስ መጣላት አይችልም። ለበስኩና መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ጋሽ ዲን እግሬ ሥር ተንበረከኩና እስፒሎቻቸውን ከንፈራቸው መሃል ደረደሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ጋሽ ዲን ከጠዋት እስከ ማታ ዝም የሚሉት አፋቸው እስፒል ሲይዝ ብቻ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ በእሳቸው ቤት ግን የሚያወጣው እስፒል ነው። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ መንቀሳቀስ አይችልም፣ መስታወቱ አፍጥጦበታል፣ እግሩ ሥር ያለው ሽማግሌ ደግሞ መልስ ሊሰጥ አይችልም። ምን ያደርጋል? ይናገራል።

ተናገርኩ። መጀመሪያ ስለ ብርዱ፣ ቀጥሎ ስለ አውቶብሱ፣ ከዚያ ደመና ቆጥራ ማን እንደሚቀጥራት። አንድ እስፒል ገባ፣ ሁለተኛው ገባ። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ለሚስቴም ያልነገርኳት ወጣ።

«ጋሼ፣ እሷ ከሄደች እኔ ምን እሆናለሁ? ከሥራ ስገባ በር ላይ ጫማዋን ካላየሁ ቤቴ የገባሁ አይመስለኝም። ኮሌጁ አይደለም ነገሩ። ፈርቼ ነው።»

መስታወቱን ትቼ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

ጋሽ ዲን የቀሩትን እስፒሎች አንድ በአንድ ከአፋቸው አወጡ። ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ።

«እሷም እዚሁ ነው የቆመችው» አሉ። «ካፖርቱን ስለካላት ስለ ደመና ነገረችኝ። ደመና ስንት ዓይነት እንደሆነ ታውቃለህ? አሥር ነው። በእኛ ከተማ የሚታየው ሁለቱ ብቻ ነው አለች፤ ስምንቱን ሳታይ መኖሩ ቆጭቷታል።»

ዞር ብዬ ካፖርቱን አየሁት።

«ትናንት ደግሞ ተመልሳ መጣች። 'ጋሼ፣ ካፖርቱን ይተዉት፣ ለሌላ ሰው ያድርጉት። የቅርቡን ሞልቻለሁ፣ አባዬን ሆድ ይብሰዋል' አለችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።»

«ይተዉት ካለችዎ ለምን ጨረሱት ታዲያ?»

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ግን እኔን በአሥራ ሰባት ዓመቴ ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አባቴ ጣቴን አየና 'ቀጭን ነው፣ ለመርፌ ይሆናል' አለ። አለቀ። ይኸው ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ኮሌጅ ሳስገባ እኖራለሁ።»

እኔም እስከዚያች ደቂቃ ጠይቄያቸው አላውቅም። አፈርኩ፤ እያፈርኩም ቢሆን ጠየቅኳቸው።

«ድልድይ» አሉ። «ድልድይ መሥራት ነበር የምፈልገው።» ከዚያ ካፖርቱን አውርደው ማጠፍ ጀመሩ።

በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። የጠቀለሉበት ገጽ የእኔ ጽሑፍ ያለበት ነው፤ ሆን ብለው ይሁን አይሁን አላውቅም።

ቤት ስገባ ልጄ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ቅጹን ዘርግታ ተቀምጣለች። ባለቤቴ ጥቅሉን ስታይ አንድ የረሳችው ነገር ትዝ እንዳላት ሰው ቶሎ ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ቅጹ ላይ የቅርቡ ኮሌጅ በዚያ ባማረ ጽሕፈቷ ተጽፏል። ደግነቱ በእርሳስ ነው፤ ትምህርት ቤቱ በቀለም የሚያጸድቀው ሲረከብ ነው።

«ተነሺ» አልኳትና ካፖርቱን አለበስኳት።

በዚያ ሙቀት ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ እያለ ቆመች። አራት ጣት ወደ ውስጥ ታጥፎም እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል።

«ረዝሟል እኮ አባዬ» አለች፣ ሌላ የምትለው ጠፍቷት።

«ለእድገት ነው» አልኳት።

በዚያ ረጅም እጅጌ ዓይኗን ጠረገች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ስትል ፊትህ ሁሉ ሲስቅ አየሁዋ» አለች። «እንዴት ብዬ ልንገርህ?»

ላጲሱን ከኪሴ አውጥቼ የሰጠኋት እኔ ነኝ። መስመሯን ስታጠፋ ግን ወደ መስኮቱ ዞር ብያለሁ፤ ያን ያህል ጀግና አይደለሁም።

ጋሽ ዲን በሳምንቱ ተራራ ላይ ያለውን ኮሌጅ ከስድስተኛ ወደ አንደኛ አሳደጉት። አንድ ክርን እንኳ ሳይታይ! እንዲህ ያለ ነገር በሳይንሳቸው ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። ለሚገባ ለሚወጣው ሁሉ «የጋዜጠኛውን ልጅ እኔ ነኝ የመደብኳት» ይላሉ። አላስተባበልኩም። ልጄ ሄደች፤ በሩ ሥር ጫማ የሌለበት ቤት እንደፈራሁት ሆነ። ሥራ ስጨርስ እግሬ ወደ ልብስ ስፌቱ ያመራ ጀመር። በእነዚያ አራት ወራት ያሳጠርኩት፣ ያስረዘምኩት፣ ያስጠበብኩት ሱሪ ቁጥር የለውም። እሳቸውም እስፒላቸውን አፋቸው ውስጥ እየደረደሩ፣ ስለ እሷ የማወራውን ሁሉ ሰሙኝ።

የመጀመሪያው እረፍት ደረሰና አውቶብስ ተራ ሄጄ ጠበቅኳት። በሩ ሲከፈት ካፖርቱን ለብሳ ወረደች፤ በሙቀቱ ቀልታለች። እጆቿን ዘርግታ ወደ እኔ ሮጠች። እኔ ግን ከመሳሜ በፊት ቀኝ እጇን ያዝኩና እጅጌዋን ወደ ብርሃኑ አዞርኩ። ክርኑ ላይ ጨርቁ ሳስቶ ሰማያዊው መጋረጃችን ብቅ ሊል ምንም አልቀረው።

«አባዬ! ምን እያየህ ነው?»

«እኔ ምን አገባኝ» አልኳት፣ ዓይኔን እየጠረግኩ።

ከዚያ ሳምኳት። ሻንጣዋን ተሸከምኩና ወደ ቤት ከመሄዳችን በፊት ወደ ጋሽ ዲን ሱቅ ይዣት ሄድኩ። ይህን ክርን ከእኔ ቀድመው ማየት የነበረባቸው እሳቸው ናቸው።